ቦዛ የጠጣው ኪቦርድ

ቬሌቭ ጨርቅ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ዶብሪንካ ኪቦርዱን ገልብጣ ታራግፈው ጀመር። ከእህል የሚጠመቀው ወፍራም መጠጥ፣ ቦዛ፣ በቁልፎቹ መካከል ሰርጎ ስለገባ ጠብ ያለው ጥቂት ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተጫነቻቸው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ምንም አልተጻፈም።

«ሞቷል» አለች።

ጎህ ሲቀድ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ነበር። ዩኒክስ በሚባል የድሮ ሥርዓት የሚሠራው አሮጌ ኮምፒውተር በራሱ ተነሣ፤ ችግኝ የሚያድግበትን የግሪንሃውስ ማሞቂያ የሚመራው ፕሮግራም ግን አልተነሣም፣ ኔትወርኩም አልመለስ አለ። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ትንሽ ትእዛዝ እንዲጽፍ ብቻ ነበር። ትእዛዙን ዶብሪንካ ታውቀዋለች። ልትጽፍ ስትል ነው አሠሪዋ ቬሌቭ አያለሁ ብሎ በትከሻዋ በኩል የተንጠራራውና የቁርሱን ቦዛ የደፋው። በአይብ የተጋገረውን ባኒፃማ በሌላው እጁ አጥብቆ ይዞታል።

ውጭው በረዶ ነው። ከዘር ጀምራ ያበቀለቻቸው የቃሪያ ችግኞች ገና ለጋ ናቸው፤ እስከ ቀትር ሙቀት ካላገኙ አይተርፉም። ችግኝ ከሌለ ደግሞ በጸደይ የእሷም አብረዋት የሚሠሩት ሴቶችም ሥራ የለም።

ቬሌቭ ኮምፒውተሩን ከዋና ከተማው ከሶፍያ ሆኖ ወደሚቆጣጠረው ድርጅት ደወለ። ያለ ኔትወርክ እጃችን አይደርስም፣ ነገ ሰው እንልካለን አሉት።

«አጥፍተን ብናበራውስ?» አለ።

«ዲስኩ ያረጀ ነው አቶ ቬሌቭ። ዛሬ መነሣቱም ተአምር ነው። ካጠፋነው እዚያው ሊቀር ይችላል።»

«እሺ፣ የሒሳብ ክፍሉን ኪቦርድ አምጪና ሰክተሽ ሞክሪ።»

ድሮ ኮምፒውተሩን ይጠብቅ የነበረው ሽማግሌ፣ ላምቦ፣ ይህ ማሽን የሚሰማው አንድ ኪቦርድ ብቻ ነው ብሏት ነበር። አዲስ ቢመጣ እንኳ፣ በፊተኛው ኪቦርድ ተጽፎ ካልተነገረው ዞር ብሎ አያየውም። ፊተኛው ደግሞ ቦዛ ጠጥቷል። ቢሆንም ሄዳ አመጣችው፤ ምንም ተስፋ ሳታደርግ ሰካችው።

ኪቦርዱ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች፤ አዲስ ኪቦርድ መጥቷል፣ ወደ እሱ ዞሬያለሁ ትላለች። ዶብሪንካ አንድ ፊደል ነካች፤ ተጻፈላት። ትእዛዙን ጽፋ ጨረሰች። ጥቂት ቆይቶ በችግኝ መደቦቹ ሥር የተዘረጉት ቧንቧዎች መንጎርጎር ጀመሩ።

«ይህ የጋሽ ላምቦ ሥራ ነው» አለችና እንባዋ መጣ።

አሁን ገባት። ላምቦ ከመሰናበቱ በፊት ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ሲሰካና ሲነቅል የዋለበት ጊዜ ነበር። ሲሰካ ማሽኑ ማንም ሳያዘው ወደ አዲሱ እንዲዞር፣ ሲነቀል ወደ አሮጌው እንዲመለስ እያስተማረው ኖሯል። ቬሌቭ ያኔ የምከፍልህ ለጨዋታ ነው ወይ ብሎ በሰው ፊት አፌዘበት፤ ብዙም ሳይቆይ የሶፍያውን ድርጅት አምጥቶ እሱን አሰናበተው።

ዛሬ ደግሞ የቅዱስ ሃራላምፒ ቀን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ማር የሚባረክበት፣ ላምቦ የሃራላምፒ ቁልምጫ ስለሆነም የእሱ የስሙ ቀን። ለስም ቀን ማንም አይጠራም፤ ቤቱ ገበታ ዘርግቶ ይጠብቃል፣ የወደደ ይመጣል። አምና ከግሪንሃውሱ ሰዎች አንድም አልሄደለትም። ገበታው ሳይነካ እንደ መሸ ሚስቱ ስታንካ ለዶብሪንካ ነግራታለች።

ቬሌቭ ስልኩን አወጣ። «ደውዬ ላመስግነው።»

«ለስም ቀን ይኬዳል እንጂ አይደወልም» አለችው።

ዶብሪንካ የቃሪያ ችግኝ ያለበት አንድ ማሰሮ ታቅፋ በእሱ መኪና ሄዱ። የላምቦ ደጅ ሲደርሱ ቬሌቭ ሞተሩን አጠፋ፤ እጁን ግን ከመሪው አላነሣም። አንቺ ግቢ፣ የእኔን ፊት ማየት አይፈልግም አላት።

ላምቦ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በሩን ከፈተላት። ቤቱ ማር ማር ይሸታል።

«እንኳን አደረሰዎ ጋሽ ላምቦ» አለችና ማሰሮውን ሰጥታ ጉንጩን ሳመችው። «ዛሬ ችግኞቼን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ የሆነውን ሁሉ ስትነግረው ፊቱ ቀስ በቀስ ፈካ።

«ቦዛውን ደፋው አይደል?» አለ።

«ቦዛ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በየጠዋቱ እዚያ አጠገብ ሲያስቀምጠው እያየሁ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል? ቀኑን ሙሉ ስሰካ ስነቅል የዋልኩት ለምን ይመስልሻል?» እስኪያስለው ሳቀ። «የታለ እሱ ታዲያ?»

«መኪናው ውስጥ ነው። አፍሯል።»

ላምቦ ሳቁን አቆመ። በመስኮት አሻግሮ መኪናውን አየ። ስታንካ ልጥራው እንዴ አለችው።

«ለስም ቀን ሰው አይጠራም» አለ። ይህን ብሎ ግን ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደና አንድ ብርጭቆ ጨምሮ ገበታው ላይ አኖረ።

ብርዱ ወደ ቤት ይገባ ስለነበር ዶብሪንካ በሩን ልትዘጋ እጀታውን ይዛለች። ብርጭቆውን ስታይ መዝጋቱን ተወችና ቬሌቭ ከመኪናው እንዲያየው በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።