የሱሺላ ሰባተኛ ቀን

ሃይማኖቴ ሆኖብኝ ነው ብል ያምርብኝ ነበር። የባዕድ አምላክ ታሪክ በቤቱ እንዳይሰማ ብዬ ነው ብል፣ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች እሰይ፣ ደግ አደረግሽ ይሉኝ ነበር። ውሸት ነው። ስላናደደችኝ ነው ያደረግሁት።

የሺሃረግ እባላለሁ። ፕሌዘንተን ውስጥ ሱሺላ የምትባል የሰማንያ ስምንት ዓመት የህንድ አሮጊት እንከባከብ ነበር። ልጇ ፕራሻንት ማውንቴን ቪው ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ቤቷ ሆና ትሙት ካሉ ወር አልፏቸዋል። እሷም ታውቃለች።

ገና በገባሁበት ቀን ለእኔ የተለየ ኩባያ አስወጣች። ሥጋ ስለምበላ ነው አሉ። ወይ ጉድ! እሷ ጠዋት ማታ ወተቷን እየጠጣች፣ ሁዳዴን በሙሉ ወተት በአፌ የማይዞረውን እኔን ትጸየፈኝ! ዋጥ አድርጌ ስድስት ወር ሠራሁ።

በኋላ ልጇ ታሪክ አንባቢ ቀጠረላት። ሰባት ቀን፣ በየጠዋቱ፣ በአይፓድ ቪዲዮ እየደወለ የአምላካቸውን ታሪክ ያነብላታል። አንባቢው ሳን ሆዜ ያደገ ጎረምሳ ስለሆነ፣ በጥንቱ ቋንቋ ካነበበ በኋላ በእንግሊዝኛ ያብራራዋል። ታሪኩ የሚነገረው ሰባት ቀን ዕድሜ ለቀረው ንጉሥ ነው። ንጉሡ ዙፋኑን ትቶ፣ የአምላክን ሥራ እየሰማ ሰንብቶ፣ ሞትን ሳይፈራ ሄደ።

ሱሺላ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። "ማወቅ ሌላ፣ መስማት ሌላ" አለችኝ። "በጆሮ ካልገባ ነፍስ ጋ አይደርስም። ከሰባቱ አንዱ ቀን ከጎደለ ደግሞ እንዳልተሰማ ነው።" ገባኝ። እኛስ ገድል ሲነበብ እግራችን እስኪዝል ቆመን የምንሰማው ለምን ሆነና? ሞትን በጣም ትፈራ ነበር። ፍርሃቱ ሲመጣባት የአልጋውን ብረት ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች።

እኔም ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ መስማት ጀመርኩ። ደስ ይላል፣ ምን ልዋሽ! በስድስተኛው ቀን አንድ ቦታ ላይ እንባዬ መጣ። ሱሺላ ዞር ብላ አየችኝ።

"ይህ ለአንቺ አይደለም። ሂጂ ልብስ እጠቢ" አለችኝ፣ ያ ጎረምሳ እየሰማ። ደሜ ፈላ።

የጆሮዋን መስሚያ ማሽን ከመሄዴ በፊት ቻርጅ ላይ የማደርገው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት አላደረግሁትም።

በሰባተኛው ቀን ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ እጆቿን አጋጥማ ተቀመጠች። አንባቢው ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ጆሮዋን መነካካት ያዘች። "አይሰማኝም! የሺ፣ ማሽኑን እዪልኝ!"

አንባቢው እንዳይሰማን የእኛን ድምፅ አይፓዱ ላይ ሚዩት አደረግሁት። ማሽኑን አውጥቼ፣ ያየሁ መስዬ፣ መልሼ ከተትኩላት። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ ጮህኩ። "ማሽኑ ደህና ነው፣ ማም። የደከመው ጆሮዎ ነው።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ የጎረምሳውን ከንፈር ስታይ ቆየች። እኔ ሶፋው ላይ ተንፈራጥጬ ሁሉንም ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ንጉሡ መምህሩን አመስግኖ፣ ፍርሃቱ እንደለቀቀው ተናገረ። አለቀ።

ሱሺላ ክንዴን ያዘችኝ። ነክታኝ አታውቅም ነበር። "አንቺ ሰምተሻል። ከማንም አፍ ቢሆን ይቆጠራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆሮዬ ላይ ጩሂና ንገሪኝ። ንጉሡ ምን አለ? እባክሽ፣ ልጄ።"

ልጄ! ዛሬ ገና ልጅ ሆንኩ! አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ምላሴ ላይ ነበረች።

"እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር" ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልቀመሰችም፣ ውሃም አልፈለገችም። ከቀትር በኋላ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሲመጣ ለፕራሻንት ደወልኩለት። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ እየመጣሁ ነው አለ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ "ጆሮዬን በመጨረሻው ቀን የነሳኝ አምላኬ ነው። አልቀበልሽም ማለቱ ነው" አለች። እኔ ነኝ የነሳሁሽ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አልጋውን ጭምቅ አድርጋ እንደያዘች፣ ዓይኗ ፈጥጦ ሞተች። ጣቶቿን ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው፣ ዓይኗንም የከደንኩት እኔ ነኝ።

ፕራሻንት እያለከለከ ገባ። አይቷት ግድግዳውን ተደገፈ። ሲረጋጋ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሰባተኛውን ቀን ሰማችው?"

"ሰምታዋለች" አልኩ። "እስከ መጨረሻው።"

ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። "እንግዲያው ሳትፈራ ነው የሄደችው። ያሰማሻት አንቺ ነሽ" አለ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ እግሬን ነካ፤ ለታላላቆቻቸው እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ቀናም ሳይል ይጠብቃል። ምን ላድርግ፣ እጄን አናቱ ላይ ጫንኩና መረቅሁት።