ሳይደገፉ መነሳት

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ክሪክ» ነበር የሚሏት። የወደቀ በሽተኛ ሲኖር፣ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዛወር ሲኖር፣ «ክሪክን ጥሯት!» ይባልና እጅጌዋን ሰብስባ ከች ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በረዳትነት ስትሠራ ስንቱን ግንድ የሚያህል ወንድ ብብቱ ስር ገብታ አቁማዋለች። ያኔ ቀጭን ነበረች። መኪና የሚያነሳ ክሪክስ መቼ ወፍራም ሆኖ ያውቃል?

ጡረታ ከወጣች አራት ዓመት ሆናት። ዛሬ ያገኛት ሁሉ ያደንቃታል። «ጡረታ ተስማማሽ! ፊትሽ ሞላ፣ ሥጋ ለበስሽ!» ይሏታል ጎረቤቶቿ። ባለሱቁማ «እማማ፣ ምስጢሩን ለእኛም ይንገሩን እንጂ» ይላል። እሷም ትስቃለች። ደልቶሻል ለሚል ሰው አልደላኝም ብሎ መከራከር ምን ይሉታል?

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ክሪክ ከተቀመጠችበት መነሳት አቅቷታል። ጨርሶ አይደለም፤ ሁለት እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተክላ፣ አንዴ ሁለቴ ወደ ፊት ተወዛውዛ፣ «በይ እንግዲህ» ብላ ራሷን አዝዛ ትነሳለች። እጇን ከያዙባት ግን አበቃ። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም አግብታ ከወጣች ወዲህ ለአንድ አፍ ድስት መጣድ ሞኝነት መስሎ ስለታያት፣ ቀለቧ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ሆነ። በሩን የሚያንኳኳ ስለሌለ የምትነሳበት ምክንያትም የለም። ቀኑ ወንበሩ ላይ ይጀምራል፣ እዚያው ይመሻል። ብቻዋን መሆን አንገሽግሿታል፤ ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

ለልጇም ቢሆን አልተናገረችም። ልጇ ከከተማው ማዶ ስለምትኖር በየቀኑ ትደውላለች፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ብቅ ትላለች። ክሪክ ታዲያ የመምጫዋ ሰዓት ሲቃረብ ቀድማ ተነስታ፣ የበሩን እጀታ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ደወሉ እንደጮኸ በሩ ይከፈታል። «እማዬ፣ እንደ ልጃገረድ ፈጠንሽ እኮ!» ትላታለች ልጇ። በሽተኛውን ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ስትገሥጽ የኖረች ሴት፣ ተራው የራሷ ሲሆን ደበቀች።

ባለፈው ሳምንት ልጇ ስትመጣ ወሬ ይዛ ነበር። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ነው፤ የአምስት ወሯን ሚሚን ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ እማዬ ትይዝልኝ ብላለች። ክሪክ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። በዚያ ቤት ከሬዲዮ ሌላ ድምፅ ሊሰማ ነው! «ምን ጥያቄ አለው፣ አምጫት» አለች። ልጇ ስትወጣ ግን ፍርሃቱ መጣ። ሚሚን ታቅፋ ከተቀመጠች በኋላ በየትኛው እጇ ተደግፋ ልትነሳ ነው?

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ልጇን የምታክል ወጣት ናት። «እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ» አለቻት። አንዴም አልሆነም።

«ወፍሬ ነው አይደል?» አለች ክሪክ። «ምሳ እኮ ትቻለሁ።»

«እሱም አባሰብዎት እንጂ አልጠቀመዎትም። ክብደትዎ ጨምሯል፤ ከስር ያለው ጡንቻ ግን ሳስቷል፤ ስቡ ሸፍኖት ለሰው አይታይም። ምሳዎን ይብሉ። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ካገኙም ሥጋ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥም በየቀኑ ይለማመዱ፤ ለጊዜው እየተደገፉ።»

«ለሰኞ ይደርስልኛል?»

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ወራት ይፈጃል፣ እማማ።»

ክሪክ በዋዛ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። ቤቷ ገብታ ሰባት ኪሎ ዱቄት በፎጣ ጠቅልላ ታቀፈች፤ ሚሚም ሰባት ኪሎ ናት። ሞከረች። ደግማ ሞከረች። ጭኗ ተንቀጠቀጠ እንጂ ከወንበሩ አልላቀቅ አለች። አርብ ዕለት ተናደደችና በአንድ እጇ ተደግፋ መነሳት ጀመረች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት፣ ዱቄቱን ያቀፈው እጇም ሳታዘው መደገፊያውን ሊይዝ ሮጠ። ጥቅሉ ወለሉ ላይ ወድቆ ፈነዳ። «ዱቄት ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው እንዳለ ሁሉ። «ዱቄት ነው እንጂ!» ከዚያ አለቀሰች።

እሑድ ከሰዓት ልጇ ሚሚንና አንድ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዛ መጣች። ክሪክ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻትና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ልጇ ሚሚን ጭኗ ላይ አስቀምጣላት ልብሶቹን ከሻንጣው እያወጣች መደርደር ጀመረች። ሕፃኗ የአያቷን ጣት ይዛ ወደ አፏ ወሰደች። ክሪክ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ምናልባት ወሩን ሙሉ ምንም ላይፈጠር ይችላል።

«ልጄ» አለች። «ሚሚን ልይዝልሽ አልችልም።»

የልጇ እጅ ባለበት ቆመ። «እንዴት ማለት?»

«አልችልም።»

«እማዬ፣ ነገ እኮ ሥራ እገባለሁ! አሁን ነው የሚነገረኝ?» ፊቷ ተለዋወጠ። «ተመችቶሽ ቁጭ ብለሽ ለምትውይው አንዲት ልጅ ከበደችሽ?»

«ውሰጃትና እይኝ።»

ልጇ ሚሚን ተቀበለች። ክሪክ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ወደ ፊት ተወዛወዘች፤ ትንሽ ከፍ አለችና ዘፍ አለች። ልጇ የምትቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ክሪክ ደገመችው። በሦስተኛው የሚስቅ አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«በየቀኑ እደውል የለም እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደህና ነሽ ወይ ትይኛለሽ፣ ደህና ነኝ እልሻለሁ። እሱን ቁጭ ብሎም ማለት ይቻላል።»

ልጇ ብርድ ልብስ አንጥፋ ሚሚን ወለሉ ላይ አስተኛቻትና የእናቷን ሁለት ክንድ ይዛ መሳብ ጀመረች።

«ክንዴን አትጎትቺ! ትከሻዬን ልታወልቂው ነው?» አለች ክሪክ፣ በዚያ በሆስፒታሉ ድምጿ። «ጠጋ በይ። ከወገብሽ አትጎንበሺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ። እጅሽን በብብቴ ስር አሳልፊ። ጉልበቴን በጉልበትሽ ደግፊው። በይ፣ በሦስት።»

በሦስት ተነሱ። ክሪክን ሰው ሲያነሳት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ያነሳቻቸው ሰዎች ለምን ዓይናቸውን ይጨፍኑ እንደነበር አሁን ገባት።

«ከባድ ነሽ» አለች ልጇ፣ እያለከለከች፤ ግን አልለቀቀቻትም።

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት።»

ልጇ ለአለቃዋ ደውላ ሁለት ቀን ለመነች፤ እስከዚያ ሞግዚት ትፈልጋለች። «ቅዳሜ ሚሚን ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንለማመዳለን» ብላ የዘረገፈችውን ልብስ መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። እንግዲህ ሰኞ ያው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ከሄዱ በኋላ ክሪክ አልተቀመጠችም። ግድግዳውን እየተደገፈች መስኮቱ ጋ ደረሰች። ልጇ ከታች መንገዱን ልትሻገር ስትል ዞር ብላ ወደ ፎቁ ቀና አለች። ክሪክ ቆማ እንድትታያት ፈልጋ በአንድ እጇ የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጣ ሌላውን አውለበለበች። ልጇ አየቻት፤ በአንድ ክንዷ ሚሚን፣ በሌላው ሻንጣውን ይዛ ነበርና መልሳ ልታውለበልብ አልቻለችም።