የኔታ ወንበር

የኔታ ወልደ ሚካኤል «የፈረንጅ ቋንቋ ቅል ነው፤ ቢያንኳኩት ባዶ» እያሉ ለመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ሲናገሩ ኖረው፣ የገዛ ልጃቸው አመለወርቅ በእንግሊዝኛ ፍቅር ወድቃ ቁጭ! ስምንተኛን አልፋ ዘጠነኛ ልትማር ደሴ እሄዳለሁ ስትል እምቢ አሉ። የስልሳ አምስቱ ድርቅም ለእምቢታቸው ምክንያት ሆነላቸው። በሬው አልቆ፣ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ ደጅ ጠፍቶ፣ የመጽሐፍ ትርጓሜ ጉባኤያቸው ተበትኗል። የቀሩት ዲያቆን አካሉና ሁለት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። የኔታም ልጅቱን ለአካሉ ሊድሩ ቆርጠዋል።

አመለወርቅ አላለቀሰችም። ትርጓሜ በሚሰማበት ሰዓት መዝገበ ቃላቷን ይዛ ገባችና ከተማሪዎቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ልፍታ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። የኔታ ስታፍር ይበቃታል ብለው ከወንበራቸው ላይ ሆነው ፈቀዱ።

«ስቶክ ማለት ግንድ ነው» ብላ በጉባኤው ወግ ጀመረች። «አንድም ዘር ነው፤ ከአንድ አባት የወረደ ትውልድ። አንድም የእስረኛ እግር የሚገባበት እግር ግንድ ነው። አንድም የጠመንጃ ሰደፍ ነው። አንድም የከብት መንጋ ነው። አንድም በጎተራ ያለ እህል ነው።»

መንጋና ጎተራ ሲነሳ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የኔታ ግን ተማሪን የሚፈትኑበትን ጥያቄ አመጡ፤ አካሉን ስንቴ በላብ ያጠመቀውን።

«አንድም ብሎ መደርደር ማንም ይደረድራል። ምሥጢሩ የት ላይ ይገናኛል?»

«ከግንዱ» አለች። «ግንድ ተጠርቦ ለእግር ግንዱም ለሰደፉም ሆነ። ቅርንጫፍ ያወጣልና ዘር ተባለበት። ሰው ተደግፎት የሚኖረው ከብትና እህልም በእሱው ተጠራ። አባዬ፣ ዘንድሮ ከብቱም እህሉም ሄደ። የቀረን ግንዱ ነው።»

የኔታ ሊደብቁት ጢማቸውን ቢያሻሹም ኩራታቸው ፊታቸው ላይ ወጣ። ትርጓሜን እኮ ማንም አላስተማራትም፤ ለተማሪዎቹ ውኃ ስታቀርብ በጆሮዋ የለቀመችው ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ይኼው ነው።

የጉባኤ መምህር ወንበሩን የሚለቀው ለሚተካው ሰው ብቻ ነው። የኔታ ተነሱ፤ ልጃቸውን እጇን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጧትና ራሳቸው ከአካሉ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተ ሌላ ሚስት ፈልግ፤ ይቺ ደሴ ትሄዳለች» አሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ቀና ብለው፣ «በይ ከመጀመሪያው ድገሚልን» አሉ።