ሎሚ ሎሚ የሸተተው የአማት ግንድ

ዶን ናሳሪዮና ሚስቱ ዶኛ ፊሊቤርታ በተጋቡ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቤታቸው ተጣልተው አያውቁም። ተስማምተው ኖሩ ለማለት ግን አይደለም። ይጣላሉ፣ ያውም አንጀት የሚያርስ ጠብ። የሚጣሉት ግን ከመንደሩ ጀርባ ባለው የቤዝቦል ሜዳ ነው። የአንዳቸው ደም መፍላት ሲጀምር እሷ ሻርፗን ታነሳለች፣ እሱ ባርኔጣውን ይደፋል፣ ከዚያ እንደ ሙሽሮች ጎን ለጎን ሆነው ይወጣሉ። ጎረቤት ይህን ያየ እንደሆነ የተቆላ የዱባ ፍሬውን ኪሱ ሞልቶ ይከተላቸዋል።

ምክንያቱ ጓሮ ነው ያለው። እዚያ ከሣር ዳሱ ሥር አሥራ ሦስት ቦርቧራ ግንዶች ተደርድረዋል፤ በየግንዱ ውስጥ ሹናን ካብ የምትባለው ንብ ትኖራለች። የጣዝማ ዘመድ ናት፣ አትናደፍም። ጠብ ግን አትወድም። ክፉ ቃል የተነገረበትን ቤት ጥላ ትሄዳለች ይባላል፣ በአገራቸው በዩካታን ምድር ደግሞ ይህን ልሞክረው ብሎ የተነሣ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ግንዶቹ የፊሊቤርታ እናት የዶኛ ፕራክሴዲስ ውርስ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዶኛ ፕራክሴዲስ አማቻቸውን ዓይኑን ማየት አይፈልጉም ነበር። በሠርጉ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይሄ ሰውዬ አፈ ክፉ ነው፤ ንቦቼ ከሱ ጋር አንድ ወር አይቆዩም» ብለው ተናገሩ። ናሳሪዮ ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረች አለች። ንቦቹን የሚንከባከበው ለማሩ ብሎ እንዳይመስላችሁ። አሮጊቷ ትክክል ሆነው እንዳይገኙ ነው።

የአማቱ ሙት ዓመት ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጧት፣ ናሳሪዮ ጓሮ ሲወጣ ዶሮዎቹ ከዳሱ ምሰሶ ላይ አድረው የአሮጊቷን ግንድ፣ ትልቁንና አሮጌውን፣ ከላይ እስከ ታች በኩሳቸው አበላሽተውት አገኘ። ነገ እንግዳ ይመጣል። ስለዚህ ባልዲ አመጣ፣ ውሃው ውስጥ ደህና አድርጎ የወለል ማጽጃ ጨመረበት፣ የንቦቹን መግቢያ ሳይነካ ግንዱን ፈትጎ አጠበው። ግንዱ አበራ። ናሳሪዮ በራሱ ሥራ ደስ ብሎት እያፏጨ ባልዲውን ሊመልስ ሄደ።

ፊሊቤርታ ዓይኗ ደክሟል፤ መነጽር ደግሞ ሞቼ ነው የማደርገው ትላለች። ንብን የምትለየው በአፍንጫዋ ነው። የሹናን ካብ ቤት ኮምጠጥ ያለ ማር ይሸታል። የጎረቤቷ የንብ ሣጥን ውስጥ ያለችው ተናዳፊዋ ንብ የሞቀ ሰም ትሸታለች። ሌባዋ ንብ ደግሞ፣ ያቺ ትንሽ፣ ጥቁርና አብረቅራቂ፣ አበባ ቀስማ የማታውቅ፣ የሌላውን ማር ዘርፋ የምትኖር፣ ሎሚ ሎሚ ትሸታለች። እሷ የገባችበት ግንድ ወዲያው ይቃጠላል፣ አለዚያ የቀሩትንም ትጨርሳቸዋለች።

ፊሊቤርታ ዳሱ ሥር ገብታ አንዴ ሳበች። ደገመች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ናሳሪዮ» አለች በለሆሳስ፣ ንቦቹ እንዳይደነግጡ። «ላምባና ክብሪት አምጣ። ሌባዋ ንብ የእናቴ ግንድ ውስጥ ገብታለች።»

ናሳሪዮ ባለበት ደረቀ። እውነቱን ቢናገር ጠብ ሊነሣ ነው፣ እዚሁ ንቦቹ ፊት። ዝም ቢል ግንዱ ሊነድ ነው። በየትም በኩል አሮጊቷ አሸነፉ።

«ሜዳ ደርሰን ብንመጣስ?» አላት።

«ምን?»

«ሜዳ። የምነግርሽ ትንሽ ነገር አለችኝ።»

«ንቤ እየተዘረፈ ሜዳ? ላምባ አምጣ አልኩህ፣ የኔ ጌታ።» የኔ ጌታ የምትለዋ በጥርሷ መሀል ነው የወጣችው።

እንደማይሄድላት ስታይ ራሷ ሄዳ ላምባውን ይዛ መጣች። ስትመለስ ባሏ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ተኝቶበታል።

«ተነሥ፣ የኔ ማር» አለች ፈገግ ብላ።

«አልነሣም፣ የኔ ወለላ።»

«አብደሃል እንዴ፣ የኔ ዓለም?»

«በሩን እዪው እስቲ፣ ዓይኔ። እንደ ወትሮው አንዲት ዘበኛ ናት ፊቷን ብቅ አድርጋ የቆመችው። ሌባ ገብታ ቢሆን በሩ በጥቁር ይወረር አልነበረም?»

«ዓይኔ አያይልኝም። አፍንጫዬ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«አልዋሸም። ሎሚው የኔ ነው።» ዓይኑን ጨፈነ። «ሎሚ በሚሸተው የወለል ማጽጃ አጠብኩት።»

ፊሊቤርታ እጁን አንሥታ አሸተተችው። ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ ደረሰ፤ ናሳሪዮ በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«የእናቴን ግንድ? እንደ ሽንት ቤት ወለል?»

«ዶሮዎቹ አበላሽተውት ነበራ። ነገ ቀናቸው ነው። እናትሽ ደግሞ ቆሻሻ አይወዱም...»

«ሻርፔን አቀብለኝ፣ የኔ ፍቅር።»

ሜዳው ሲደርሱ ግማሽ መንደር ቦታ ይዞ ተቀምጧል። «ዛሬ ማን ነው የሚጀምረው?» አለ አንዱ።

«እኔ!» አለች ፊሊቤርታ፣ ጀመረችም። «አንተ ድንጋይ ራስ! ላቃጥላት ነበር እኮ! እናቴን በእጄ ላቃጥላት ነበር!»

«መነጽር አድርጊያ! ስንቴ ልንገርሽ! በአፍንጫ ብቻ የሚኖር ውሻ ነው!»

«ውሻ? ውሻ አልከኝ?»

ተመልካቹ አጨበጨበ። ሞቅ ባለበት ሰዓት ግን ፊሊቤርታ ድንገት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለምን እውነቱን ነገርከኝ?» አለችው። «ዝም ብትል እኮ ጥፋቱ የሌባዋ ይሆን ነበር።»

«እናትሽ ያኔ አንድ ወር አይቆዩም ነው ያሉት» አለ ናሳሪዮ መሬት መሬት እያየ። «ንቦቹ በኔ እጅ እንዲያልቁ አልፈልግም።»

ፊሊቤርታ ትንሽ አየችውና ሻርፗን አጣፍታ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። «አለቀ እንዴ?» ሲል ከኋላ አንዱ አጉረመረመ። «ፍሬዬን ገና መብላት መጀመሬ ነበር!»

ከሰዓት በኋላ ናሳሪዮ ዶሮዎቹን ከዳሱ ሊያባርር ጓሮ ወጣ። ፊሊቤርታ ግንዱ ፊት ተንበርክካ፣ አፏን ወደ ንቦቹ በር አስጠግታ ታወራለች።

«እማዬ» ትላለች በሹክሹክታ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። ንቦችሽም አልሄዱ፣ ሰውየውም አልሄደ። ተሸንፈሻል። አሁን እረፊ።»

ናሳሪዮ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ኋላ ተመለሰና ከኩሽናው ጀርባ ቆሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ትክ ብለው ላዩት ዶሮዎች፣ እጄ ላይ የቀረው ሎሚ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው አላቸው።