ሪፒተሩ ዝም ያለ ቀን

«እግሬ ተሰብሯል፣ አባዬ! ያለሁት...»

ከዚያ በኋላ ጭጭ። መሬት ቀያሿ ልጅ ከተራራው ማዶ፣ በዚያ ውርጅብኝ ዝናብ፣ በእጅ ራዲዮዋ ያደረሰችው ይህችኑ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ዋናው ነገር ቀረ! አባቷ፣ ቁመቱን አይተው ጓደኞቹ «አንቴናው» የሚሉት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሚስቱን ይዞ መኪናውን ሽቅብ አስፈነጠረው። መንገዱን ሙሉ የመኪናው ራዲዮ ትንፍሽ አላለም።

«ሪፒተሩ ነው የሞተው» አላት። የአማተር ራዲዮ ማኅበራቸው ተራራው ጫፍ ላይ የተከለውን፣ ደካማ ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ የሚልከውን ማሰራጫ ማለቱ ነው። ያለ እሱ ከማዶ አንድ ቃል አይመጣም፤ ማዶው ደግሞ ገደል በገደል ነው፣ የት ብሎ ይፈልጋት?

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ውጣና ሥራው!» ጮኸችበት።

መንገዱ ካለቀበት መኪናው ውስጥ ትቷት ወጣ። ወደቀ፣ ተነሣ፤ ተራራውንም ዝናቡንም ረገመ። በእጅ ራዲዮው ልጁን ቢጣራ ቢጣራ መልስ የለም።

ጫፉ ላይ ደርሶ ሪፒተሩ ያለባትን የቆርቆሮ ቤት ከፍቶ ሲገባ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ሪፒተሩ ደህና ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። የመቀበያው መብራት ቦግ ብሏል። ወዲያው ገባው፤ አንድ ሰው የማይኩን መናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ አልለቀቀም። እንዲህ ሲሆን ማሰራጫው እንዳይቃጠል ዝም ይላል፤ ይህን መላ የገጠመለት ራሱ ነው። ያ ሰው እስኪለቅ የልጁ ደካማ ድምፅ አይሰማም።

«ማነው ይሄ የማይረባ! ሰው እየሞተ!» ብሎ ስፒከር ሰካ።

መኪና ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ተሰማ። ቀጥሎ የሴት ለቅሶ።

ሚስቱ ነች።

ክው አለ። ሲጣደፍ የመኪናውን ራዲዮ ማይክ ወንበሩ ላይ ወርውሮት ነበር፤ እሷም ሳታይ ቁጭ ብላበታለች። «ተነሺ!» ብሎ በእጅ ራዲዮው ጮኸ። የሚያስተላልፍ ራዲዮ እንደማይሰማ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቢሆንም ጮኸ። «በናትሽ፣ ተነሺ!»

«ልጄ» ትላለች ሚስቱ፣ ዝም ላለው ራዲዮ። «አባትሽ እየደረሰልሽ ነው። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪኝ፣ የኔ እናት። ጥሪኝ።»

በሩን ሳይዘጋ ቁልቁል ሮጠ።