ሪሞቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ

ትንሿ ልጄ ጉንፋን ይዟት ሰንብታ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅ ሲታመምብኝ እጄ አያርፍም። የበር እጀታውን፣ ማንኪያዎቹን፣ አሻንጉሊቶቿን፣ የነካችውን ሁሉ በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠብኩ። ሪሞቱንም አጠብኩ። አፏ ውስጥ ከትታ ስታኝከው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ታዲያ ምን ላድርግ? በደንብ ፈትጌ፣ አለቅልቄ፣ ከካልሲዎቹ አጠገብ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ንጹሕ ሆነ። መሥራቱን ግን ተወ።

በዚያው ሳምንት የኢንተርኔት ሠራተኞች መጥተው የቤታችንን የዋይፋይ ሣጥን በአዲስ ቀየሩት። ስልኮቹን እዚያው ከአዲሱ ጋር አገናኟቸው። ቴሌቪዥኑ ግን አሮጌውን ሣጥን እየፈለገ ቀረ። ከአዲሱ ጋር ለማገናኘት ሪሞት ያስፈልጋል፤ ሪሞቱ ደግሞ ታጥቧል።

ኮሌጅ የሚማረው ትልቁ ልጄ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ ሪሞቱን ካጠብሽው አይቀር ሣጥኑን ደግሞ ተኩሺው» አለኝ።

ባሌ አልሳቀም። ሹፌር ነው፤ ዕቃ ሲበላሽ ሆዱን ያመዋል። «እስከ ሰኞ ማንም ቴሌቪዥኑን እንዳይነካ። ሰኞ ባለሙያ አመጣለሁ» አለ። «ማንም» ሲል ያየው እኔን ነው።

«ቅዳሜ ትምህርት አለኝ» አልኩት።

«አንድ ቀን ብትቀሪ ምን ትሆኛለሽ?»

ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ማንበብና መጻፍ የምማረው ገና አሁን፣ ልጅ ለኮሌጅ ካደረስኩ በኋላ ነው። የክፍላችን ጣሪያ እየተጠገነ ስለሆነ መምህርታችን ለጊዜው በኢንተርኔት ታስተምረናለች። እሷን በስክሪን እናያታለን፤ ከዚያ በየተራ ስልካችን ላይ ትደውልልንና ስክሪኑ ላይ ያወጣችውን ጽሑፍ ጮክ ብለን እናነብላታለን። ለስልኩ የእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ለማየቱ ግን ከቴሌቪዥኑ ሌላ የለኝም። የዚህ ቅዳሜው ደግሞ ፈተና ነበር። ስትደውልለት ያላነበበ ሰው ወደ ጀማሪዎቹ ክፍል ይመለሳል። ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ምጣድ ማሰሻ ጨርቅ እንኳ እንደዚያ አልተሸበሸበም፣ ደብተሬ እንደተሸበሸበው። ተመልሼ እዚያ አልቀመጥም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን በሩ ላይ ያዝኩት። «ስልክህን ለዛሬ ተውልኝ።»

«ያለ ስልክ እንዴት ልውል ነው እማዬ?»

«እኔ እንዴት እንደምውል ታያለህ አይደል?»

ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። አባቱም ቁልፉን እያንቃጨለ ወጣ። ቴሌቪዥኑን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ጥቁር ብሎ።

ትንሿን እጇን ይዤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ወዳለው የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ሄድኩ።

«ሪሞቱ ምን ሆኖ ነው?» አለ ጠጋኙ።

«ታጥቦ።»

«ዝናብ መቶት ነው?»

«አይ፣ ታጥቦ። በሳሙና።»

ወደ ጓዳው ዞረ። «ና ስማ እስቲ፣ ሪሞት ያጠቡ እናት መጥተዋል።» ጓደኛው በመጋረጃው ብቅ አለና፣ «ለሰለሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ሳቀች። እኔ ተራዬን ጠበቅኩ።

ስቀው ሲያበቁ ጠጋኙ፣ የእኛ ቴሌቪዥን ሪሞት እንደማይገኝ፣ ታዝዞ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ፣ ያለ ሪሞት ደግሞ ዋይፋይ ማገናኘት እንደማይቻል ነገረኝ። ይህን ሲለኝ ቀኝ እጁ ሥራ አልፈታም። ባንኮኒው ላይ ትንሽ ማውስ ይገፋል፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ቀስት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። የማውሱን ሽቦ በዓይኔ ተከተልኩት። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ገባ።

«ይሄኛውስ ሪሞቱ የታለ?» አልኩት።

«የደንበኛ ነው፣ ሪሞቱን አላመጣውም።»

«እና በዚህ በማውሱ ነው የምታዘው?»

እጁ ቆመ። «እሱ ለእኛ ነው እናት። ለባለሙያ። እርስዎ ቢነካኩት ያበላሹታል።»

ታበላሺዋለሽ። ይህን ቃል ስንት ሰው እንደነገረኝ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲመጣ ተባልኩ። የልጄን ካልኩሌተር ሳነሳ ተባልኩ። ባንክ ቤት ደግሞ እስክሪብቶ ስጡኝ ስል ሠራተኛዋ የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋችው፤ ያን ቀን ዝም ብዬ ጣቴን ሰጠሁ። ለጠጋኙ ግን ዝም አላልኩም።

«ካበላሸሁት ለአንተ ሥራ ይሆንልሃል» አልኩትና ወጣሁ።

ልጄ ክፍል ውስጥ የሞተ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ ይሙት እንጂ ማውሱ ከነሽቦው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት። አላጠብኩትም።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ከቤት ስወጣ ሁሉን ነቅዬ ነው፤ ማቀዝቀዣውን እንኳ ሳልነቅል የምተወው በልመና ነው። ሽቦ ያለውን ዕቃ ደግሞ ከሶኬቱ ሳልነቅል እጄን አላስጠጋም። ስለዚህ የጎማ ጫማዬን አደረግኩ፣ ትንሿን አልጋ ላይ አስቀምጬ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ብጮህም አትምጪ» አልኳት፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልኩና ጀርባውን በእጄ ዳበስኩ። ቀዳዳው ተገኘ። ማውሱ አልገባ አለ። ገልብጬ ሞከርኩ፤ ገባ። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩና ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ በእንጨት ማንኪያ ገፋኋት።

በራ። ማውሱን ወንበር ላይ ሳንቀሳቅሰው ስክሪኑ ላይ ነጭ ቀስት ብቅ አለች። ወደ ግራ ስገፋ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስገፋ ወደ ቀኝ።

በዚህ መሀል ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ገባች። የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ቤቷ ቴሌቪዥን ስለሌለ ፈተናውን እኔ ጋ ልትፈተን ነው የመጣችው። ሜትሯን ከአንገቷ አላወረደችም።

«ባልሽ እንዳይነካ ብሎ አልነበር?»

«ብሏል።»

«እና?»

«እና ነካሁት።»

አጠገቤ ተቀመጠች። «ታዲያ እኔም አለሁበት» አለች።

የስክሪኑ ጽሑፍ እኛ የማንችለው ቋንቋ ነው። ግን የዋይፋዩን ምልክት ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ቅስቶች ናቸው፣ ስልኮቹ ሁሉ አናት ላይ አለ። ምልክቱን እየፈለግን ያልገባንበት የለም። አንዴ ስክሪኑን አረንጓዴ አደረግነው፣ አንዴ ድምፁ ሄደ፣ አንዴ ጭራሽ ሌላ ፊደል የሚጽፍ ሆነ። እኔ በየጊዜው እጄን ከማውሱ ላይ አነሳለሁ። ልብስ ሰፊዋ ግን፣ «የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፣ ወደ ኋላ መልሺው» ትለኛለች። እመልሰዋለሁ። በመጨረሻ ቅስቶቹን አገኘናቸውና ስጫናቸው የስም ዝርዝር ወጣ።

የእኛ ሣጥን ስም ከሥሩ ተለጥፏል ተብያለሁ። ሣጥኑን አወረድኩት። ስሙን ማንበብ ባንችልም መልኩን ማመሳሰል እንችላለን፤ ልብስ ሰፊዋ ሥራዋ ቅድ ከቅድ ማመሳሰል ነው። ከዝርዝሩ እያንዳንዱን ስም ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው።

«ይኼ አይደለም። ይኼም አንገቱ ይረዝማል። ይኼም አይደለም።» ዝርዝሩ አለቀ። «የእናንተ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የሰው ሁሉ አለ፣ የእናንተ ብቻ የለም።»

እንደገና ከላይ ጀመርን። የለም። ትምህርቱ የሚጀምርበት ሰዓት ደርሷል። ጠጋኙ፣ ባሌ፣ ልጄ፣ ሁሉም ከኋላዬ ቆመው የሚያዩኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ጭኔ ላይ ያለውን ሣጥን እያየች፣ «ይኼ ነገር መብራት የለውም እንዴ?» አለች።

ሽቦው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ነቅዬዋለሁ። ሳልነቅል ዕቃ አልነካማ። ኢንተርኔቱን ራሴ አጥፍቼ ኢንተርኔት ስፈልግ ቆይቻለሁ።

መልሼ ብሰካው ሽቦው አጭር ነው፤ ከሥሩ ያለውን ለማየት እንደተሰካ፣ እንደሞቀ፣ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም እያሉ በእጅ ገልብጦ መያዝ ግድ ነው።

«እኔ ልያዘው» አለች።

«አይሆንም። ቤቱ የእኔ ነው።»

ሰካሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በሁለት እጄ አነሳሁትና ገለበጥኩት። ለብ ያለ ነው፣ እንደ ሕፃን ጀርባ። ምንም አላደረገኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ስነቅል የኖርኩት ለዚህ ነው እንዴ ብዬ ተናደድኩ።

ጥቂት ቆይቶ ዝርዝሩ ላይ አዲስ ስም ወጣ። «ይኸው» አለች፣ «አንገቱም ወገቡም ልኩ ነው።» ተጫነችው። የይለፍ ቃሉ ደግነቱ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቁጥር ለእኛ ችግር አይደለም። እኔ ሣጥኑን ገልብጬ እጠራለሁ፣ እሷ በቀስቷ እየለቀመች ትጫናለች። ስክሪኑ የጻፍነውን በነጠብጣብ ይደብቅብናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ተባባልን። ከዚያ ምልክቱ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ቅስቶቹ ነጭ ሆኑ።

የመምህርቷን ገጽ ልጄ ቀድሞ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጦልኝ ስለነበር ፎቶዋን መጫን ብቻ ነበር የቀረን። ስክሪኑን ሞልታ መጣች። ማስነበብ ጀምራለች። ከጎኗ ስለ አንድ አውቶቡስ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ ፊደል ጡጫ ያክላል። የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጮኸ። ተነሥታ ቆማ አነበበች፣ እንደ መሐላ። አለፈች።

የእኔ ስልክ ሲጮኽና የቤቱ በር ሲከፈት አንድ ሆነ። አባትና ልጅ ለምሳ መጥተው ገቡ።

«ማነው የከፈተው?» አለ ባሌ።

«እኔ።»

«ሰኞ አላልኩም?»

«ብለሃል» አልኩና ስልኩን አነሳሁ። «አቤት መምህርት።»

«ይሰማኛል? ጽሑፉስ ይታይዎታል?»

«በደንብ ይታየኛል።»

ባሌ ወደ ቴሌቪዥኑ አንድ እርምጃ ሄደ። መዳፌን አነሳሁበት፤ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ። ሹፌር ነው፣ ቆመ። ማንበብ ጀመርኩ። «አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲነሳ ባዶ ነበር። በመንገድ ላይ...» አንድ ረጅም ቃል መጣ። ከፊቱ ጀምሬ አንድ አንድ ፊደል ስይዝ ልጄ ከኋላዬ፣ «ተሳፋሪዎች» ብሎ አንሾካሾከ።

«ማነው የሚነግርዎት?» አለች መምህርቷ። «የተነገረ አይቆጠርም።»

«ልጄ ነው መምህርት። ትንሽ ይታገሡኝ፣ እየወጣ ነው።»

ዞርኩ። «ውጡ» አልኩ። «ሁለታችሁም።»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለ ባሌ።

«ምንም። ግን ሳነብ ፊትህን አያለሁ። ውጣልኝ።»

«ከቤቴ?»

«ከቤታችን። ፈተና ላይ ነኝ።»

ልጄ የአባቱን እጅጌ ሳበ። ወጡ። በሩን ዘጋሁትና ስልኩን መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። «መምህርት፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።» ጀመርኩ። ያችን ቃል ስደርስባት እንዳልሰማኋት ሆኜ ፊደሎቿን አንድ በአንድ ራሴ ለቀምኳቸው። ከሷ በኋላ ያሉትንም፤ ማንም ያልነገረኝን፣ እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ።

«ጥሩ ነው» አለች መምህርቷ። «በዚሁ ክፍል ይቀጥላሉ። የሌሎቹን ደግሞ ያዳምጡ።»

ልብስ ሰፊዋ ጉልበቴን ጨበጠችኝ። ሌላ ተማሪ፣ አንድ አናጢ፣ በቀስታ ማንበብ ጀመረ።

በሩ ተንኳኳ። «አለፍሽ?» አለ ባሌ ከውጭ።

«አለፍኩ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግባ ታዲያ?» አለ።

አናጢው «ተሳፋሪዎች» ላይ ደርሶ እየታገለ ነበር።

«ገና ነው» አልኩት። «ሰው እያነበበ ነው።»