ታጥቦ የተሰጣው ጎማ

ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ ከነጠላዬ አጠገብ የተንጠለጠለውን ጥቁር የጎማ ቀለበት ያስተዋልኩት መኪናዋ ከግቢ ከወጣች በኋላ ነው። ቅዳሜ ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ መሬት ወድቆ አግኝቼ፣ ቅባት ስለነበረበት ከልብስ ጋር አጥቤ አሰጣሁት። የበርሜል ክዳን ጎማ መስሎኝ ነበር። በርሜላችን ግን ክዳን የለውም።

ልጄ ሀሴት ከባጃጅ መካኒኩ ከዛኪር ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ በዕቃ ቤታችን የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ስትሠራ ቆይታለች። ከተጣሉ የኤሌክትሪክ ባጃጆች የወጡ አራት ሞተሮች አሏት፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ። እራት ላይ ሌላ ወሬ የለም። «እማዬ፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ያስባል እኮ!» ትለኛለች። እኔ የማስበው ስለ ፍሬኑ ነበር። የፊቶቹን ሞተሮች የሚያዘውን ሳጥን አንድ ቀን ከፍታ አሳይታኛለች። ክዳኑ ዙሪያውን ጥቁር ጎማ አለው። «ይሄ ከሌለ ውሃ ይገባና አለቀልን» ብላኝ ነበር።

ያን እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ መኪናዋ ሳትወጣ ጸበል ረጨኋት። መርጨት ብቻ አይደለም። ፍርሃቴ ስለበዛ ከሀይላንዱ ግማሹን ሳጥኑ ላይ አፈሰስኩት።

ደወልኩላት። ስልኳ ሳሎን ውስጥ ጠራ። ለዛኪርም ደወልኩ፤ በባጃጁ እየተከተላት ስለነበር አላነሳም።

ቀለበቱን አውርጄ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ ሄድኩ። የሚሞክሩት እዚያ፣ ገና ለመኪና ባልተከፈተ አዲስ አስፋልት ላይ ነው። መንገዱን ሙሉ የማስበው የዕድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ይበቃ እንደሆነ ነበር። ቧንቧው ጋ ቢተከል ይበቃል ብዬ ወሰንኩ።

መኪናዋ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ሀሴት ሄልሜቷን እንዳደረገች መጥታ ተጠመጠመችብኝ።

«እማዬ አላየሽም! ስልሳ ላይ እያለሁ የፊቶቹ ሁለቱም ቀጥ አሉ! የኋላዎቹ ግን ይዘውኝ ሄዱ፤ ከመስመሯ ንቅንቅ አላለችም!»

ዛኪር ሳጥኑን ከፍቶ በጨርቅ ይመጥጣል። «ዝናብ የለ፣ ወንዝ አልተሻገርን፤ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ቀለበቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አጥቤ አሰጣሁት፤ ከዚያ ደግሞ ጸበሉን አፈሰስኩበት። ልገድልሽ ነበር።»

ሀሴት ወደ ዛኪር ዞረች። «ክዳኑን ስታስር ጎማውን አላስገባኸውም?»

«አንቺ ያስገባሽው መስሎኝ ነዋ!»

ዛኪር ቀለበቱን ተቀብሎኝ አሸተተው። «ኦሞ ኦሞ ይላል» አለ። «እትዬ ዘርፉ፣ የሚቀጥለውን ለኔ ይተዉልኝ። ዱዓ አደርግላታለሁ፤ ዱዓ አያረጥብም።»

ሀሴት አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አይታ እጄን ያዘችኝ።

«አልሞትኩም እኮ፣ እማዬ።»

«ለዛሬ» አልኳት።

መኪናዋ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ቀስ እያለች ቤት ገባች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱን ልዘጋ ስሄድ ሀሴት የደረቀውን ሳጥን ከፍታ ጠበቀችኝ።

«ነገ እንደገና እንወጣለን። ጎማውን አንቺ አስገቢው።»

ቀለበቱን ቦታው አስቀምጬ ዙሪያውን በጣቴ ተጫንኩት፤ ሁለት ጊዜ። ብሎኖቹን እሷ አጠበቀች፣ እኔ ቆጠርኩ። ስምንት።

«ጸበሉስ?» አለች።

«ነገ የምረጨው አንቺን ነው።»

ወጣን። ቁልፉን አዞርኩና በሩን ገፋ አድርጌ ሞከርኩት። ተቆልፏል።